የሬሲንግ ዘይት ለጅማ መኪና ይሆናል ወይ?

ባለፈው ቅዳሜ አጂፕ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ አንድ ወጣት ብርማ ቪትዝ አስገብቶ ኮፈኗን ከፍቷል። ዘይት ሊቀይር ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ጋሎን ይዞ መጣ። ጋሎኑ ጥቁር ነው፣ ክዳኑ ወርቃማ። የመኪና ውድድር ሲያልቅ የሚውለበለበው ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ተስሎበታል። ከባንዲራው ሥር በትልቁ «ሬሲንግ» ይላል። ከመርካቶ በሰው ነው ያስመጣው። ዋጋው ከለመደው ዘይት እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አሪፍ ነገር ነው የማጠጣት» አለው መካኒኩን፣ ደስ ብሎት።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገና ጋሎኑን ተቀበለው። የፊቱን ጽሑፍ ከቁብም አልቆጠረው። ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ «ልጄ፣ የት የት ነው የምትነዳት?» ብሎ ጠየቀው።

«ጠዋት ከቂጦ ፈረንጅ አራዳ። ማታ መመለስ። አልፎ አልፎ አጋሮ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው ይሄ ላንተ መኪና አልተሠራም።»

ልጁ ቅር አለው። ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ገንዘቡን አውጥቷል፤ ለመኪናው አስቦም ነው ያደረገው። ጥያቄውም ተገቢ ነው። በውድድር ሜዳ ያንን ሁሉ ሙቀትና ፍጥነት የቻለ ዘይት እንዴት ለቪትዝ ያንሳል? ከባዱን የቻለ ቀላሉን አያቅተውም፣ አይደል?

እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ነበር የማስበው። ዛሬ ግን መልሱን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ምክንያቱም የመኪናችን ጉዳይ እንደ ድሮው አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም ዘይትም ዋጋው ሰማይ ነካ። አንድ ላይ ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ነው። አሁን በእጃችን ያለችው የቤንዚን መኪና ተተኪ የላትም ማለት ይቻላል። አሥር ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ልንነዳት ነው። ሞተር ማስወረድ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ይበላል። ስለዚህ ምን ዘይት ላጠጣት የሚለው ጥያቄ፣ ስንት ዓመት ታገልግለኝ ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አይታይም።

ለአንድ ቀን የሚኖር ሞተር

ከጥጉ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ቶፕ ፊውል የሚባል የቀጥታ መስመር ውድድር አለ። መኪናዎቹ የሚሮጡት 1,000 ጫማ ነው፤ ወደ 305 ሜትር መሆኑ ነው። ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ዘይቱ ይደፋል። ዘይቱ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም ይፈታል። ፒስተኑ፣ ብሮንዚው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይታያል፤ የተጎዳው ይቀየራል። ከዚያ ተገጥሞ እንደገና ይሮጣል። ለእንዲህ ያለ ሞተር ዘይት የሚቀምም ሰው ዘይቱ ስድስት ወር ሞተር ውስጥ ሲቀመጥ ምን ይሆናል ብሎ አይጨነቅም። የሚጨነቀው ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ሁሉም ውድድር እንዲህ አጭር አይደለም፤ እሱን ማለፍ አይገባም። ፈረንሳይ የሚካሄደው የለ ማን ውድድር 24 ሰዓት ሙሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሸናፊው አውዲ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ5,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። እኛ አንድ ጊዜ ዘይት ቀይረን የምንሄደውን ያህል መሆኑ ነው! ታዲያ ያንን የቻለ ዘይት የኔን 5,000 ኪሎ ሜትር እንዴት አይችልም?

ልዩነቱ ኪሎ ሜትሩ ላይ አይደለም። ያ ሞተር አንዴ ከሞቀ በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ አልቀዘቀዘም። ዘይቱ ውስጥ የገባ ውሃ ካለ ተንኖ ይወጣል፤ የተቀላቀለ ቤንዚን ወይም ናፍጣም በአብዛኛው እንዲሁ። ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ ተፈትቶ ይታያል። የእኛን እናስላው። ከቂጦ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ መንደራ፣ ከዚያ ልጆች ትምህርት ቤት። አንድ ጉዞ በአማካይ አምስት ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተሩ 1,000 ጊዜ ይነሳል፣ 1,000 ጊዜ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ ሙቀት ሳይጠግብ ነው የሚጠፋው። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። አንድም ቀን ሞተሩን የሚፈታው ሰው የለም። ደግሞም አይፈታ!

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራል። በእንፋሎት መልክ ነው፤ አብዛኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ከጭስ ማውጫ ውሃ የሚንጠባጠበው ለዚያ ነው። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ይተናል። ካልሞቀ እዚያው ይቀራል። በተለይ በክረምት፣ ሰኔ ገብቶ ጅማ ዝናቡን ስታወርደው፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሰው የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈትና ውስጡን ይይ። ቡና በወተት የመሰለ ልቁጥ ነገር ሊያገኝ ይችላል። ያ ውሃና ዘይት ነው። (ራዲያተርህ ውሃ እያጎደለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ቴስታታውን አስፈትሽ።)

የዕለት ተዕለት ዘይት የሚቀመመው እንግዲህ ለዚህ ኑሮ ነው። ውሃውን፣ አሲዱን፣ ጥላሸቱን ተሸክሞ ወራት እንዲቆይ። ለዚህም ብዙ የማጽጃ ቅመም ይጨመርበታል። ሥራው ከኦሞ ጋር ይመሳሰላል። ኦሞ ቆሻሻውን ከጨርቁ ያላቅቅና ውሃው ውስጥ ይዞ ያቆየዋል፤ ተመልሶ ጨርቁ ላይ እንዳይቀመጥ። ውሃው ይጠቁራል፣ ጨርቁ ይነጣል። ዘይትም እንዲሁ ነው። ጥላሸቱን ከፒስተን ላይ ያነሳል፣ በውስጡ በትኖ ይይዛል፣ ከዚያ ስንቀይረው አብሮት ይወጣል። «ዘይቱ በሺህ ኪሎ ሜትር ጠቆረብኝ፣ ዘይቱ የማይረባ ነው» የሚሉ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ተሳስተዋል። የጠቆረው ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው። ወራት ሙሉ እንደ ማር ወርቃማ ሆኖ የሚቆይ ዘይት ቢያጋጥመኝ እኔ የምጠይቀው ቆሻሻው የት ሄደ ብዬ ነው።

እውነተኛው የሬሲንግ ዘይት ይህ የማጽጃ ቅመም በብዛት የለውም። ሆን ተብሎ ነው የተቀነሰው። ቶሎ ለሚደፋ ዘይት አያስፈልግም፤ ቦታውን ለሌላ ነገር ይፈልጉታል። ያ ሌላ ነገር በአብዛኛው ዚንክ ነው።

የዚንኩ ጉዳይ

የሬሲንግ ዘይት ደጋፊዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያነሱት ዚንክን ነው። ሐሰት አይደለም፤ መሠረት አለው። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ሞተር ዘይት ውስጥ ይጨመራል። ሁለት ብረቶች ዘይቱን ጨፍልቀው ሊነካኩ ሲሉ፣ ይህ ቅመም በሙቀቱና በግጭቱ ተነሳስቶ ብረቱ ላይ እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን ይሠራል። የሚፋቀው ሽፋኑ ነው፤ ብረቱ ይተርፋል። በጣም ድንቅ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ከተራ ዘይት ቀነሱት? ፎስፈረሱ ቀስ በቀስ ወደ ጭስ ማውጫ ይሄድና ካታሊስት የሚባለውን የጭስ ማጣሪያ ይሸፍነዋል፤ ሥራ ያስፈታዋል። በዚህ ምክንያት እንደ 5ደብልዩ-30 ላሉ ቀጫጭን የቤንዚን መኪና ዘይቶች የፎስፈረሱ መጠን ከሚሊዮን 800 እጅ እንዳይበልጥ፣ ከ600ም እንዳያንስ ተወሰነ። የሬሲንግ ዘይቶች ይህ ገደብ የለባቸውም። ከ1,500 በላይ ያላቸው አሉ።

አሁን ጥያቄው የማን ሞተር ያን ያህል ዚንክ ይፈልጋል የሚለው ነው። ለዚህ ቮልስን ማየት ነው። የድሮዋ ቮልስ ካምሻፍቷ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቫልቭን የሚገፋው በጠፍጣፋ ብረት በኩል ነው፤ ብረት በብረት ላይ እየተንሸራተተ። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ጫና ከባድ ነው። ዘይቱ የሚበቃ ዚንክ ከሌለው ካሙ ይበላል። ሞተሯን አስወርዶ አዲስ ካም ያስገጠመ የቮልስ ባለቤት ዚንክ የበዛበት ዘይት ልፈልግ ቢል እኔ አልከራከረውም። ያም ሆኖ ቮልስ የዘይት ፊልትሮ እንኳ የላትም፤ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረላት የትኛውም ዘይት አያድናትም።

ቪትዝ ግን ሌላ ዘመን ናት። ሞተሯ የተነደፈው ዚንኩ በሚቀነስበት፣ ዘይቱ በሚቀጥንበት ጊዜ ነው። ተጨማሪው ዚንክ ለእሷ ትርፍ ነው። ካታሊስቷ እስካሁን ካለ ደግሞ ጉዳት ነው። «የኔ ካታሊስት ድሮ ወልቋል» የሚል ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሱን ለጊዜው እንተወው። የማጽጃው ቅመም ጉድለት ግን ካታሊስት ኖረም አልኖረም ያው ነው።

የመወፈር ፍቅር

ጅማ ውስጥ፣ ምናልባት በመላው አገር፣ ዘይት ሲመረጥ አንድ ትልቅ እምነት አለ። ወፍራም ጥሩ ነው። በሁለት ጣት መሃል አሽቶ የሚያየው ብዙ ነው። «ሬሲንግ» የሚል የተጻፈባቸው ብዙ ጋሎኖች 20ደብልዩ-50 የሆኑትም ይህን እምነት ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ቁጥሩን ላስረዳ። ከደብልዩ በፊት ያለው ሞተሩ ሲነሳ፣ ዘይቱ በቅዝቃዜ ውስጥ ስንት እንደሚወፍር ነው። ካነሰ ቶሎ ይፈስሳል። ሁለተኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለው ውፍረት ነው። 50 የሚባል ዘይት በዚያ ሙቀት ከ30 ዘይት አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ ይወፍራል። የጅማ ብርድ እንደ አውሮፓ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ቢበርድም 20ደብልዩ የማይፈስበት ደረጃ አይደርስም። ስለዚህ «በብርድ ሞተርህ ይሰነጠቃል» ብዬ ማንንም አላስፈራራም።

ጉዳዩ የሞተሩ ቀዳዳ ነው። ቪትዝንና ከእሷ ወዲህ የመጡ ቶዮታዎችን ብናይ፣ ቪቪቲአይ የሚባል ሥርዓት አላቸው። የቫልቩን ሰዓት በፍጥነቱ መጠን የሚያስተካክል ነው። የሚሠራው በምን ይመስላችኋል? በሞተር ዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳና በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት ያልፋል። ዘይቱ ከታሰበው በላይ ሲወፍር ሥርዓቱ ይዘገያል። ዘይቱ ቆሻሻ ሲያስቀምጥ ደግሞ ወንፊቱ ይደፈናል። ያኔ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ነዳጅ ትበላለች፣ የሞተር መብራት ይበራል። ሰውየው ካንዴላ ይቀይራል፣ ሴንሰር ይቀይራል። ዘይቱን የሚጠረጥር የለም።

መከራከሪያ አለ። «ጊቤ በረሃን ስወርድና ስወጣስ?» ይሉኛል። ልክ ነው፣ መንገዱ ቀላል አይደለም። ከወልቂጤ፣ ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተህ ጊቤ ድልድይ ላይ 1,100 ሜትር ገደማ ትደርሳለህ። ሙቀቱ ፊትህ ላይ ይመታሃል። ከዚያ ወደ አበልቲ፣ ወደ ሰኮሩ መልሰህ ትወጣለህ። ሞተሩ ይሞቃል፤ ዘይቱም ከወትሮው ይሞቃል። ነገር ግን በውድድር ሜዳ ዘይት 130 እና 140 ዲግሪ ድረስ ለረጅም ሰዓት ይሄዳል። የጊቤ ዳገት እዚያ አያደርስህም፤ ራዲያተሩ ጤነኛ ከሆነ። ራዲያተሩ ከተደፈነ ግን ሬሲንግም አያድንህም። አምራቹ 5ደብልዩ-30 ብሎ፣ ለሞቃት ቦታ 10ደብልዩ-30 ወይም 10ደብልዩ-40 ይሆናል ካለ፣ ያንን መከተል ነው። የመኪናህን መጽሐፍ አይተህ ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ የዘይት መሙያው ክዳን ላይም ተጽፏል።

እኔ ራሴ የወደቅኩበትን ልንገራችሁ። ያኔ የምነዳው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ኮሮላ ነበር። ሞተሯ 1ዜድዜድ ነው። ዘይት ትጠጣ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች። አንድ መለዋወጫ መደብር ገባሁና ችግሬን ነገርኩ። «ሬሲንግ» የሚል 20ደብልዩ-50 ሰጡኝ። «ይሄ ይደፍነዋል» አሉኝ። እውነትም ጭሱ ቀነሰ። ለሁለት ወር ያህል ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ከዚያ ከድሮው ብሶ ተመለሰ። በመጨረሻ ሞተሩ ወረደ።

መካኒኩ ፒስተኑን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረልኝ። ዘይት የሚጠርገው ፋሻ ያለበት ቦይ ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ዘይቱ ወደ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ የሚመለሰው በእነሱ በኩል ነው። ሁሉም ተደፍነዋል። የጀበና ቂጥ ላይ የሚጋገረውን ጥላሸት አስቡት፤ እንደዚያ ጠጥሮ። በጥፍሬ ፈለፈልኩት፣ አልነሳም አለ። ፋሻውም ቦዩ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። የእነዚያ ዓመታት 1ዜድዜድ ሞተር በዚህ የታወቀ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ቀዳዳዎቹ ከመጀመሪያውም ጠባብና ጥቂት ነበሩ። ያ ሞተር የሚፈልገው በደንብ የሚያጸዳ ዘይት፣ ያውም ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ነበር። እኔ ያደረግኩት ችግሩን በወፍራም ዘይት መሸፈን ነው። ሁለት ወር ሲሸፈን ሥር ሰደደ።

የጋሎኑን ጀርባ ያነበብኩት ያኔ ነው፤ ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ እያለ። «ኤስኤፍ» ይላል።

ሁለት ፊደል

እነዚህ ፊደሎች ምን እንደሆኑ ማወቅ ከ«ሬሲንግ» እና ከ«ተራ» ክርክር ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ ለሞተር ዘይት ደረጃ ያወጣል። የቤንዚን ሞተር ዘይት በ«ኤስ» ይጀምራል። ሁለተኛው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው። ኤስኤፍ ድሮ ነው። ኤፒአይ ራሱ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም ይላል። ኤስጂ ከ1993 በኋላ ለተሠሩት አይሆንም። ኤስኤን በ2010 መጣ። ኤስፒ በ2020። በአጠቃላይ አዲሱ የድሮውን ይተካል፤ ኤስፒ ለቪትዝም ለኮሮላም ይሆናል።

እንግዲህ በገበያችን «ሬሲንግ» የሚባል ሁለት የተለያየ ነገር አለ ማለት ነው። አንዱ እውነተኛው ነው። እንደዚያ ወጣት ጋሎን፤ ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ለውድድር ብቻ ነው ይላል፣ የኤፒአይ ክብ ምልክት የለውም። ብርቅ ነው፣ ውድ ነው፣ ለታለመለት ሥራ ምርጥ ነው። ሁለተኛው የኔው ዓይነት ነው። ተራ ዘይት፣ ያውም ያረጀ ደረጃ፣ ባንዲራ ተስሎበት። የመጀመሪያው ለመኪናችን አልተሠራም። ሁለተኛው ለማንም መኪና ባይሸጥ ደስ ይለኛል። ሁለቱንም ከፊት ለፊታቸው ስታያቸው አይለዩም። ጀርባቸውን ስታነብ ግን ወዲያው ይለያሉ። ያ መካኒክ ጋሎኑን መጀመሪያ የገለበጠው ለዚህ ነበር።

ስለ ናፍጣ ሞተርም ትንሽ ልበል፤ ቡና ሲደርስ ከጅማ ዙሪያ የሚወጡት አይሱዙዎችና ሃይሉክሶች ቀላል አይደሉምና። የናፍጣ ዘይት ደረጃው በ«ሲ» ይጀምራል፤ ሲአይ-4፣ ሲኬ-4 እያለ። ናፍጣ ብዙ ጥላሸት አለው። ስለዚህ ከቤንዚን ሞተር ይበልጥ የማጽጃ ቅመም ይፈልጋል። የውድድር ዘይት ናፍጣ ሞተር ውስጥ መጨመር ነገሩን በተቃራኒው መያዝ ነው።

ባጃጅ የሚነዱ ወንድሞቼም አይርሱት። የባጃጅ ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። የሞተሩ ዘይትና የፍሪሲዮኑ ዘይት አንድ ነው። የመኪና ዘይት፣ ሬሲንግም ይሁን ሌላ፣ የሚያንሸራትት ቅመም ካለው ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጋሎኑ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የወጣ የጃፓን ደረጃ፣ መኖሩን ማየት ነው።

ገንዘቡ የት ይሂድ?

ለሬሲንግ ዘይት ተጨማሪ ሊከፈል የነበረው ገንዘብ አለ እንበል። እኔ በሦስት ቦታ ባወጣው ይሻለኛል።

አንዱ የቀጣዩን ሰርቪስ ማቅረብ ነው። አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ፣ ጠጠር መንገድ የምትገባ መኪና ከባድ አገልግሎት ላይ ናት፤ አምራቾቹም እንዲህ ነው የሚቆጥሩት። ወደ ሰቃ ወይም ወደ ጌራ የቡና ማሳ የሚመላለስ ሰው የአየር ፊልትሮውን ያውጣና ያራግፍ፤ የሚወጣውን አፈር ያየዋል። ያ አፈር ካመለጠ ዘይቱ ውስጥ ነው የሚገባው። ተራው ግን ትክክለኛው ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ሲቀየር፣ ሬሲንጉ በ10,000 ከሚቀየረው በጣም ይሻላል። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በስድስት ወር መቀየር ነው።

ሌላው ፊልትሮው ነው። አዲስ ዘይት አድርጎ የድሮውን ፊልትሮ የሚተው ሰው አሁንም አለ። ቪትዝ የምትወስደው ዘይት አራት ሊትር አይሞላም። ከዚያ ላይ በድሮው ፊልትሮ ውስጥ ያለው ጥቁር ዘይት ሲቀላቀል ቀላል ድርሻ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ዘይቱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የተጠቀሙበትን ዘይት አጣርቶ፣ በታወቀ ስም ባዶ ጋሎን ሞልቶ መሸጥ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ዘይት ቀለሙ ሲመለስ ቅመሙ አይመለስም። ማጽጃውም ዚንኩም አልቋል። ያኔ ሬሲንግ ነው ወይስ የዕለት ተዕለት የሚለው ክርክር ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ጋሎኑ ላይ የተጻፈው ውስጡ የለም። ስለዚህ ዘይት የሚያስመጣው ድርጅት ራሱ ካለው ማደያ ወይም ከታወቀ አከፋፋይ መግዛት ይሻላል። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ያልተነካ መሆኑን እዩ። የታተመው የምርት ቁጥር ያልተፋቀ መሆኑን እዩ። ዋጋው ከሌላው ቦታ በጣም ከወረደ፣ እባካችሁ ደስ አይበላችሁ።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ወጣቱ ትንሽ አንገራገረ። «ዛሬ ብቻ ብጨምረው ሞተሯን ይገድላታል?» አለ። መካኒኩ እውነቱን ነገረው። «አይገድላትም። አንዴ ብትጨምረው፣ ቶሎ ብታስወጣው ምንም አትሆንም። ግን ለምን?» ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እዚያው ፊት ለፊት ካለው ማደያ ኤስፒ የሚል 5ደብልዩ-30 ገዝቶ መጣ። ቀለበቱን ራሱ ሰብሮ ከፈተው።

መካኒኩ የድሮውን ዘይት አወረደ። ፊልትሮውን ቀየረ። አዲሱን ጨመረ፤ የመለኪያውን ዘንግ ሁለት ጊዜ እየጠረገ አየው። ከዚያ ባዶውን ጋሎን አነሳና መሬት ላይ አጋድሞ በእግሩ ያዘው። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከመሣሪያው መሃል መርጦ ጋሎኑን ሦስት ቦታ በሳው። አንዱን ከታች፣ አንዱን ከጎን፣ አንዱን በስሙ ላይ።

ወጣቱ «ይሄ ለምንድን ነው?» አለው።

«ነገ ሌላ ሰው ጥቁር ዘይት ሞልቶ እንዳይሸጥልህ» አለው፣ ጋሎኑን ወደ ቆሻሻው እየወረወረ። ከዚያ የኔን መኪና አስገባ አለኝ።